«የጉሊት ሴት እንዲህ አትመስልም» ላሉን

ሰሞኑን ከኮምቦልቻ እስከ ወልድያ ከስልክ ወደ ስልክ የሚዞር አንድ ጽሑፍ አለ። ገሚሱ «ልክ ልኩን ነገረው» ብሎ፣ ገሚሱ «ኧረ አንድ ሰው ይመልስለት» ብሎ ያስተላልፈዋል። የሚተቸው እ.ኤ.አ. በ1953 ወልድያ የተወለዱትን ሠዓሊና መምህር ታደሰ መስፍንን ነው። እኔ ከሁለተኞቹ ወገን ነኝ፤ ነገር ግን መልስ ከመስጠቴ በፊት ጽሑፉ ያለውን እንዳለው ላስቀምጥ፣ ያላነበበም አብሮን እንዲሄድ።

ጋሽ ታደሰ ይላል ጽሑፉ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ የሰው ምስል ሲሥሉ ኖረው «እውነታን የሚጠይቁ ሠዓሊ» የሚል ስም ወጥቶላቸዋል፤ ስሙ ግን ባዶ ነው። የሚሥሏቸው ሴቶች እግራቸው መሬት አይረግጥም። አንዷ ግንብ ታህላለች፣ አጠገቧ ያለችው ጣት ታህላለች። አንደኛ ዓመት ተማሪ እንዲህ ቢሥል ይወድቃል። እውነታን መጠየቅ የሚባለውም ከፈረንጅ የተቀዳ ፋሽን ነው፤ አባቶቻችን የሣሉት ያዩትን ነው። ከዚህ የባሰው ደግሞ ፀሐይና አቧራ ላይ የተቀመጠችን ሴት ንግሥት አስመስሎ መሣል ድህነትን ማስዋብ ነው፤ ካሜራ ቢሆን እውነቱን ያሳየን ነበር። ያንኑ ነገር ለዓመታት ደጋግመዋል፣ በሥራቸው ውስጥ ወሎ የለም፣ ሥራቸውም የሚታየው ለንደን እንጂ እዚህ አይደለም። የሰው ምስል መሣልም በዚህ ዘመን አብቅቶለታል ብሎ ይዘጋል።

ጽሑፉ ስድብ የለበትም፤ ለዚህ ጸሐፊውን አመሰግናለሁ። አንድ ነገርም ከመነሻው ልስጣቸው፦ ስለ ጋሽ ታደሰ የሚጻፈው አብዛኛው «አንጋፋው»፣ «ታላቁ» ብሎ ይጀምርና ሸራው ላይ ምን እንዳለ ሳይነግረን ያልቃል። ከእንዲህ ያለ ሙገሳ ይልቅ ሸራውን አይቶ የሚሟገት ሰው ይሻላል። እንግዲህ እንሟገት።

«መሣል አያውቁም» ከሚለው ልጀምር፤ ይህ ለመመለስ ቀላሉ ነው። ጋሽ ታደሰ አዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የተማሩት ከገብረ ክርስቶስ ደስታ ነው። ገብረ ክርስቶስ ኮሎኝ ተምሮ የተመለሰ፣ ረቂቅ ሥዕልን ወደ አገራችን ካስገቡት ግንባር ቀደሞች አንዱ ነው። ከዚያ ጋሽ ታደሰ ሶቪየት ኅብረት ሄደው ተማሩ። የሶቪየት የሥነ ጥበብ ትምህርት በምን ይታወቅ እንደነበር የዚያን ዘመን ሥራ ያየ ሰው ያውቀዋል፤ አጥንቱ፣ ጡንቻው፣ የሰውነቱ ክብደት የቱ እግር ላይ እንዳረፈ ሳይቀር በንድፍ ይጠናል። ማለትም ሰውዬው ቅርጽ የሚያፈርስ መምህርም፣ ቅርጽ ላይ ድርቅ የሚል ትምህርት ቤትም አይተዋል። ተመልሰው በአለ የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት ለአሥርት ዓመታት አስተምረዋል። ሠዓሊዎቹ ተስፋዬ ኡርጌሳ፣ መሪኮከብ ብርሃኑና አዲስ ገዛኸኝ በእጃቸው ካለፉት መካከል ናቸው። አንደኛ ዓመት ተማሪ ይወድቅበታል የተባለውን ፈተና ሲያወጡና ሲያርሙ የኖሩት እሳቸው ናቸው።

ይህ ግን ሥዕሉን ጥሩ አያደርገውም። መሣል የሚያውቅ ሰውም መጥፎ ሥዕል ይሥላል። ስለዚህ የሚጠቅመው ጥያቄ፣ የአካልን ምጣኔ የሚያውቅ ሰው ለምን ምጣኔውን ጣለ የሚለው ነው፤ ጽሑፉም እዚህ ላይ ቢቆይ ደስ ባለኝ ነበር።

«የኑሮ ምሰሶዎች» ሊባል ከሚችለው ተከታታይ ሥራ አንዱን ሸራ እንይ። ሴቶች አሉ፤ ቆመው፣ ተቀምጠው፣ ከፊታቸው የሚሸጥ ነገር ዘርግተው። ከበስተጀርባቸው ሰማይም ግድግዳም መንገድም የለም፤ የቀለም ጠፍጣፋ ሜዳ ነው። ልብሳቸው ወደዚያ ሜዳ ይገባል፤ የቱ ጋ ነጠላው አልቆ የቱ ጋ ባዶው እንደሚጀምር አንዳንዴ አይለይም። በርቀት ሕግ ብትለኩት የራቀችው ሴት ማነስ፣ የቀረበችው መተለቅ ነበረባት። እዚህ ግን ትልቅነት ከርቀት ጋር አልተያያዘም። ታዲያ ከምን ጋር ተያያዘ?

መልሱ ላስታ ውስጥ አለ። ላሊበላ ቤተ ማርያም ገብቶ ጣሪያውንና ቅስቱን ቀና ብሎ ያየ፣ ወይም ትንሽ ራቅ ብሎ ገነተ ማርያም ድረስ የሄደ ሰው፣ የቤተ ክርስቲያን ሥዕላችን ዓይን እንዳየው የተሣለ እንዳልሆነ ይረዳል። ገነተ ማርያም የ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሥራ ነው፤ አጼ ይኩኖ አምላክ ራሳቸው ግድግዳው ላይ ተሥለዋል። በኋላ ዘመን በነበረው ልማድ ደግሞ ቅዱሳን ፊት ለፊት ሁለት ዓይናቸው እየታየ ይሣላሉ፤ ሰይጣን፣ ይሁዳና ሰቃዮቹ በጎን፣ በአንድ ዓይን። ሥዕሉን ያሠራው ባለጸጋ ከቅዱሱ እግር ሥር ተደፍቶ የሕፃን ያህል አንሶ ይታያል። በአካል ያን ያህል አጭር ስለነበረ አይደለም። በዚህ ሥዕል ቁመት ማለት ማዕረግ ነው።

ጽሑፉ «እውነታን መጠየቅ የፈረንጅ ነው» ሲል ለምስክርነት የጠራው ቤልጅጋዊውን ሬኔ ማግሪትን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1929 ፒፓ ሥሎ ከሥሩ «ይህ ፒፓ አይደለም» ብሎ የጻፈውን። ማግሪት የራሱን ጥያቄ ጠይቋል፤ ምስልና ነገሩ አንድ አይደሉም ብሏል። ጥያቄው ግን የእሱ የግል ንብረት አይደለም። ከእሱ ስድስት መቶ ዓመት ቀድሞ የላስታ ግድግዳ ላይ የሣለ ሰው፣ ሥዕል ዓይን ያየውን መቅዳት አለበት የሚል ውል አልፈረመም። እዚህ ላይ ግን ለጽሑፉ የምሰጠው ነገር አለ፤ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ እውነታን «እየጠየቀ» አልነበረም። እሱ ጥርጣሬ የለውም፤ የሚበልጠው እውነት የትኛው እንደሆነ ያውቃል፣ ያንን ይሥላል። በዚህ ተስማምተናል።

ጥያቄው የሚመጣው ያ ሕግ ከግድግዳው ወርዶ ገበያ ሲገባ ነው። ለቅዱሳንና ለነገሥታት ይሰጥ የነበረውን ቁመትና ፊት ለፊት መታየት ሽንኩርት ለምትሸጥ ሴት የሰጠ ሠዓሊ፣ ማዕረግ ለማን ነው የሚሰጠው ብሎ ጠየቀ ማለት ነው። ጽሑፉ ስህተት ብሎ የቆጠረው የመጠን መዛባት የሥራው ዋና ሐሳብ ነው። (ደግሞም አብዛኞቻችን እነዚህን ሥራዎች ያየናቸው በስልክ ስክሪን ነው። ትልልቅ ሸራዎችን ወደ መዳፍ ስፋት አጥፎ «መጠናቸው ትክክል አይደለም» ብሎ መፍረድ ትንሽ ቸኮል ማለት ይመስለኛል።)

አሁን ወደ ከባዱ ክስ። ድህነትን ማስዋብ።

ይህንን በዋዛ አላልፈውም። እኔንም አልፎ አልፎ ይቆረቁረኛል። ቀለሙ ያምራል፤ ጋለሪ ግድግዳ ላይ ያምራል፣ የገዛው ሰው ሳሎን ውስጥም ያምራል። ሴትየዋ ግን ነገም ጉሊት ናት። ጽሑፉ እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ምናልባት ዝም እል ነበር። ቀጥሎ «ካሜራ እውነቱን ያሳየን ነበር» አለ። ይህን ሌላ አገር ያለ ሰው ቢለው አይገርመኝም፤ ወሎ ውስጥ ተቀምጦ መጻፉ ግን ገረመኝ።

ወሎን ዓለም ያወቃት በካሜራ ነው። በጥቅምት 1966 ዓ.ም ጆናታን ዲምብልቢ የተባለ እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ ስለ ወሎ ረሃብ የሠራው ፊልም በአገሩ ቴሌቪዥን ታየ። ያሳየው ሐሰት አልነበረም፤ የተደበቀውን አወጣ፣ እርዳታም አስመጣ። አንድ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው፣ በአዲስ ዓመት ቀን መስከረም 1, 1967፣ ደርግ ያንኑ ፊልም በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አቀረበው፤ በመሃል በመሃል ግን የቤተ መንግሥቱን ድግስና ምቾት አስገባበት። በማግስቱ ንጉሡ ከዙፋን ወረዱ። እንግዲህ የተቀረጸው ያው ነው፣ የሞቱት ሰዎች እነዚያው ናቸው። ቅንብሩ ሲለወጥ ፊልሙ ሌላ ነገር ተናገረ፤ ለንደን ላይ እርዳታ የለመነው አዲስ አበባ ላይ ንጉሥ አወረደ። የትኛውም ቅንብር ውሸት ነበር አልልም። ነገር ግን ካሜራ ዝም ብሎ እውነቱን ያስቀምጥልናል የሚለውን ሐሳብ ከዚያች ምሽት በኋላ የምንቀበልበት ምክንያት አይታየኝም።

ከዚያ 1977 መጣ። ያኔ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር ከነበረችው ኮረም፣ ሞሐመድ አሚን ቀርጾት ማይክል በርክ የዘገበው የቢቢሲ ዜና ጥቅምት 13 ቀን ታየ። ያ ዜና የስንቱን ሕይወት እንዳተረፈ የሚክድ ወሎዬ ያለ አይመስለኝም። ይሁንና ምስሉ ሥራውን ጨርሶ አልሄደም። ከዚያ ወዲህ ውጭ አገር «ወሎ» ወይም «ኢትዮጵያ» ያለ ሰው መጀመሪያ የሚመጣለት ያ ሆነ። እዚያ ምስል ውስጥ ያለችው እናት ስም የላትም፣ የምትሸጠው የላትም፣ የምትናገረው አይሰማም። ትታያለች እንጂ አታይም።

ወልድያ የተወለደ ሠዓሊ ከዚህ በኋላ የድሃ ሴት ምስል ሲሥል ከባዶ ሸራ አይነሣም፤ ቀድሞት የቆመ ምስል አለ። ጋሽ ታደሰ ረሃቡን እያሰቡ ሣሉ አላልኩም፤ የምናገረው ሸራው ከየትኛው ምስል ጋር እንደሚጋጠም ነው። በእነዚህ ሥዕሎች ውስጥ ሴትየዋ ታያለች። የምትሸጠው አላት። ቀጥ ብላ ቆማለች፣ ወይም ቀጥ ብላ ተቀምጣለች፤ እጇን የዘረጋችልን አይደለችም። የእውነታ ጥያቄው እዚህ ላይ ነው፦ ስለ ድሃ ሴት «እውነት» ተብሎ የተሰጠን ምስል ማን የመረጠው ነው?

«የጉሊት ሴት እንዲህ አትመስልም» ለሚለውም ወደ ጉሊቱ እንሂድ። ደሴ ሸዋ በር አካባቢ ጠዋት ማዳበሪያ ስታነጥፍ እይዋት። ቲማቲሙን በመደብ በመደብ ትደረድራለች፤ ሦስት ከታች፣ አንድ ከላይ። ከላይ የሚወጣው ሁልጊዜ ቀዩና ያልተነካካው ነው፤ የተመታው ጎኑ ወደ ታች ይዞራል። ጎመኑ ላይ በሃይላንድ ጠርሙስ ውሃ ትረጫለች። ጃንጥላዋን የምታዘነብለው ለራሷ ሳይሆን ለጎመኑ ነው፤ ፀሐይዋ በዞረች ቁጥር ጃንጥላው ይዞራል፣ እሷ ፀሐይ ላይ ትቀራለች። ደንበኛ ሲመጣ ሻሿን ታስተካክላለች፣ ወገቧን ታቀናለች፣ «ምን ልስጥህ ወንድሜ?» ትላለች። ደንበኛው ዋጋ ጠይቆ ሲሄድ ትከሻዋ ይወርዳል።

ከሁለቱ የትኛዋ ናት እውነተኛዋ? ለሪፖርት ፎቶ የሚያነሣው ሰው ትከሻዋ የወረደችበትን ቅጽበት ይጠብቃል፤ ጽሑፉም እሱን «እውነት» ይለዋል። ጋሽ ታደሰ የወሰዱት ወገቧን ያቀናችበትን ነው። ሁለቱም ምርጫ ነው። ልዩነቱ፣ ሁለተኛውን እሷ ራሷ የመረጠችው መሆኑ ነው፤ ሰው ሲያያት እንዲህ መታየት ትፈልጋለች። ይህን ማስዋብ የሚለው ሰው መጀመሪያ የተመታውን ቲማቲም ጎን ወደ ታች ስላዞረች እሷን ይክሰስ።

ድግግሞሹን በተመለከተ ብዙ አልልም። አዎ፣ በቀለም ብቻ የሚለያዩ የሚመስሉ ሸራዎች አሉ፤ ገዢ የወደደውን ደግሞ የመሥራት ፈተና የማንኛውም ሠዓሊ ፈተና ነው፣ እዚህም የለም ብዬ አልምልም። ነገር ግን አንድን ነገር ለዓመታት መያዝ በራሱ ነውር ከሆነ፣ ባቲና አምባሰል የሚባሉ ቅኝቶች ካሉበት አገር የመጣን ሰዎች መጀመሪያ እኛ እንፈር። ማሪቱ ለገሰ አምባሰልን ስንት ጊዜ አንጎራጎረችው? ቅኝቱ ያው ነው፤ ሰው የሚሰማው በዚያ ውስጥ ዛሬ ምን አዲስ ስንኝ መጣ፣ ድምፁ የቱ ጋ ሰበር አለ የሚለውን ነው። ተከታታይ ሥዕልም እንዲህ ነው የሚታየው። ሁለቱን ሸራ ጎን ለጎን አስቀምጦ ልዩነቱን ፈልጎ ያጣ ሰው ቢተች እሰማዋለሁ። ጽሑፉ ግን አንዱን ከአንዱ አላስተያየም።

«ወሎ የለበትም» የሚለው ደግሞ ጸሐፊው ወሎ ሲሉ ምን እንደሚፈልጉ ይነግረናል፦ ላሊበላ፣ ጎጆ፣ ሹሩባ የተሠራች ቆንጆ። ይህ የቱሪዝም ፖስተር ላይ ያለው ወሎ ነው፤ እሱም አለ፣ አልክደውም። የእኔ ወሎ ግን የባቲ ሰኞ ገበያም ነው፤ አፋሩ፣ ኦሮሞው፣ አማራው፣ ግመሉና በርበሬው ተቀላቅሎ መሬቱ የማይታይበት። የላሊበላም ቅዳሜ ገበያ ነው፤ ቱሪስቱ ቤተ ጊዮርጊስን ሲያይ የከተማው ሰው ጤፍ የሚለካበት። ገበያ ያሳደገው ልጅ ገበያ ቢሥል ወሎ የለበትም አይባልም። በሌላ በኩል፣ ጋሽ ታደሰ አብዛኛውን ዕድሜያቸውን የኖሩትና ያስተማሩት አዲስ አበባ ነው፤ የሣሏት ሴትም አዋሳ ወይም ጅማ ብትገኝ ማንም አይደነቅም። «የእኛ ልጅ ነው» ብለን በግድ የወሎ ማኅተም እንድንመታባቸውም አልፈልግም።

የሰው ምስል አብቅቶለታል ስለሚባለው፦ ፎቶግራፍ ለሕዝብ የተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ1839 ነው። ያኔም አብቅቷል ተብሎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2024 ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በቬኒስ ቢናሌ፣ ጣሊያን ውስጥ በየሁለት ዓመቱ በሚካሄደው ዓለም አቀፍ የሥነ ጥበብ ዐውደ ርዕይ፣ የራሷን ማሳያ ስትከፍት የተመረጠው ከጋሽ ታደሰ ተማሪዎች አንዱ ተስፋዬ ኡርጌሳ ነው፤ የሚሥለውም ሰው ነው። አዲስ አበባ ተምሮ፣ ጀርመን ሽቱትጋርት ቀጥሎ፣ ስደተኛ ሆኖ መታየት ምን እንደሚመስል በተጠላለፉ ገላዎች የሣለ ሠዓሊ ነው። ጽሑፉ «አሁን ሁለት ቃል ጽፈህ ማሽን ይሥልልሃል» ይላል። ይሥልልኛል። ማሽኑ ግን የሚሥለው ቀድሞ ከተመገበው ምስል ተነሥቶ ነው። «ድሃ ኢትዮጵያዊት ሴት» ብዬ ብጽፍለት ከየትኛው ክምችት ጨልፎ እንደሚያመጣልኝ መገመት አይከብድም፤ ከኮረሙ ነው። ስለዚህ ያንን ክምችት የሚሞግት ሰው ከድሮው ይልቅ አሁን ያስፈልጋል።

የቀረው ለንደን ነው። ጽሑፉ «ይህ ሁሉ ሴት ተሥሎ ለንደን ሲሰቀል ወልድያ ላይ አንድ ሸራ የት አለ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ከጽሑፉ ሁሉ የወደድኩት ጥያቄ ይህ ነው። ጉሊት የምትውለው ሴት ራሷን የሚመስለውን ሥዕል ቆማ የምታይበት ቦታ ሊኖር ይገባል፤ በዚህ ላይ ከጸሐፊው ጋር አንድ ነን። የማንስማማው ጥያቄው ለማን ይቅረብ በሚለው ላይ ነው። ትልቅ ሸራ ከአዲስ አበባ አምጥቶ ለአንድ ወር እንኳ ለማሳየት ዝናብ የማያስገባ አዳራሽ፣ ደህና መብራት፣ ጥበቃ፣ የመጓጓዣ ገንዘብና ለአደጋው ዋስ የሚሆን አካል ይፈልጋል። ይህን ሠዓሊው አያቀርብም። ከተሞቻችን ለበዓል መድረክ ድንኳንና ድምፅ ማጉያ ሲከራዩ የሚያወጡት በጀት አለ፤ ከዚያ ላይ ተቀንሶ በገበያ ቀን ለገበያተኛ ክፍት የሚሆን አንድ ዐውደ ርዕይ ይዘጋጅ ብለው ጸሐፊው ጥያቄ ቢያቀርቡ እኔም ስሜን ከስማቸው ሥር አሰፍራለሁ።